አንድ ሰው ብቻ የቀረው አውቶቡስ

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። እንዲያ። ብስክሌቶቻችሁን በረንዳው ላይ አስገብታችኋል? ጥሩ። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ወደ መሃል ይግባ። ኋላ ላይ ተጋፍቶ መግባት የለም።

አንተ ባለ ቀይ ሄልሜቱ ግን እዚያው በሩ አጠገብ ሁን። ነገ ጎህ ሲቀድ ሁሉንም ጥዬ ብቻዬን ዳገቱን እወጣለሁ ያልከው አንተ አይደለህ? ጀግና ሰው መሃል ምን ይሠራል?

እንግዲህ ስሙ። ድሮ ነው። ሰዓቱ ፀሐይ ለመጥለቅ ያዘነበለችበት ነው። መንገዱም ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ይኸው ነገ የምትወጡበት አሮጌው መንገድ ነው። አዲሱ አስፋልት በታች በሜዳው ዞሮ ሲሄድ፣ ይህን ከኮረብታ ኮረብታ የሚጠማዘዘውን መንገድ ሁሉም ረሳው። በየስንጥቁ ሣር በቀለበት። መኪና የለም። ሰው የለም። ወፍና ንፋስ ብቻ።

በዚህ መንገድ አንድ ሰው በብስክሌት ይሄድ ነበር። ብቻውን።

አብተው ይባላል። በታች ባለችው ከተማ ብስክሌት ያከራያል፤ የተበላሸም ይጠግናል። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ጸጥታ ይወዳል። ጸጥታ መውደድ ነውር አይደለም። ግን ሰውየው አትጠገብን አግብቷል። አትጠገብ ደግሞ ወሬ ትወዳለች። እሷም ብስክሌት ትነዳለች፤ ዳገት ስትወጣ ታወራለች፣ ቁልቁለት ስትወርድ ታወራለች። እናንተ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯችሁ ስትሞቱ፣ እሷ የጎረቤቱን ሠርግ ከድንኳን ተከላው ጀምራ ትተርካለች።

አንድ ጊዜ ራሞን የሚባል እንግዳ መጣ። ከስፔን ነው፤ አገር ለአገር በብስክሌት የሚዞር። በተሰባበረ አማርኛው አብተውን እንዲህ አለው፦ «በእኛ አገር ኮረብታው አያልቅም። የወይራው ዛፍ አያልቅም። ቀኑን ሙሉ ስትነዳ አንድ መኪና አያልፍህም። እንዲህ ያለ መንገድ አግኝልኝ፤ ጓደኞቼን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ።»

አብተው በደስታ ሊሰክር ደረሰ። አሮጌው መንገድ ትዝ አለው። እንግዶቹ ሳይመጡ ሄጄ ልየው አለ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች አትጠገብ።

«ሰውየው የፈለገው ጸጥ ያለ መንገድ ነው» አላት። «አንቺ ካለሽበት ጸጥ ማለቱን በምን አውቃለሁ?»

ይህን ብሎ፣ እሷ ጓዳ እስክትገባ ጠብቆ ሹልክ አለ። ከመቸኮሉ የተነሣ ጎማ መንፊያውን ረሳው። ብስክሌት ጠጋኝ ሆኖ መንፊያ ይረሳል? ይረሳል። ከሚስቱ ተደብቆ የሚወጣ ሰው ብዙ ነገር ይረሳል።

ከዳገቱ ሥር እትዬ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት በቆሎ እሸት ይጠብሱ ነበር። አብተውን ሲያዩ እሳቱን ማራገብ ተዉ።

«ብቻህን ነህ ልጄ?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«እንግዲያው ተመለስ። በዚህ መንገድ ብቻን አይኬድም። ድሮ አንድ አውቶቡስ ሳይሞላ ወጣ። አንዲት ወንበር ባዶ ነበረች። ተሳፋሪው መሸብን ብሎ ጮኸ፤ ሹፌሩም እሺ ብሎ ተነሣ። ላይኛው መታጠፊያ ላይ ገደል ገቡ። ይኸው እስከ ዛሬ ያቺን ወንበር የሚሞላ ሰው ይፈልጋሉ። ሁለት ሆነው የሄዱትን አይነኩም፤ ቦታዋ የአንድ ሰው ናት።»

አብተው ሳቀ። «ሁለት ነን እኮ እትዬ፤ እኔና ብስክሌቴ!»

እትዬ ብርቄ አልሳቁም። አንድ እሸት አንሥተው ሰጡትና ፊታቸውን አዞሩ።

ሄደ። መንገዱም ገነት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? አንዱን ኮረብታ ሲጨርስ ሌላው ይቀበለዋል። ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ግራና ቀኝ ገብሱ በንፋሱ ይተኛል፣ ይነሣል። መኪና የለም። ሰው የለም። «ራሞን ይህን ቢያይ ያለቅሳል» አለ ለራሱ። እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!

ከዚያ አንድ ነገር ሸተተው። ምን መሰላችሁ? ናፍጣ። መኪና በማይሄድበት መንገድ ናፍጣ ምን ይሠራል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትመለሱ ነበር። አብተው ግን ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ረገጠ።

ከዚያ ክላክስ ሰማ። ከኋላው፣ ረጅም፣ የድሮ አውቶቡስ ክላክስ። ጨዋ ብስክሌተኛ ነውና ዳር ያዘ። እጁንም ዘርግቶ እለፍ አለ። ምንም አላለፈም። አቧራው ግን ተነሥቶ ፊቱ ላይ ተበተነበት፤ አስነጠሰው። ያላለፈ መኪና አቧራ ያስነሣል? እኔ አላውቅም። እናንተን ነው የምጠይቀው።

ከዚያ ጎማው ተነፈሰ። ፍስስስ። ቦርሳውን ዳበሰ፤ መንፊያ የለም። ኪሱን ዳበሰ፤ መንፊያ በኪስ ይያዝ ይመስል። ፀሐይዋ ጠለቀች። ከገደሉ ሥር ጉም ቀስ እያለ ወጣ። ብስክሌቱን እየገፋ ላይኛው መታጠፊያ ላይ ደረሰ።

እዚያ ድምፅ ሰማ። ጉሙ ውስጥ፣ የብዙ ሰው ድምፅ።

«ኧረ ሹፌር፣ እንሂድ! መሸብን እኮ!»

«እናንተ፣ መስኮቱን ዝጉት! ብርድ ይመታናል!»

ሰማችሁ? ሞተውም ብርድ ይፈራሉ።

ሳቁ፣ ሳቁ። አብተውም ሊስቅ ነበር። ነገር ግን ከጉሙ ውስጥ አንድ እጅ ወጣ። የበር ብረት የጨበጠ እጅ። ቀጥሎ ክንድ። ቀጥሎ ትከሻ። ቀጥሎ በሩ። ቀጥሎ ቀለሙ የተላጠ የአውቶቡስ ጎን፣ መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ፊቱ አይታይም። ድምፁ ግን ይሰማል።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!»

አሁን እውነቱን ንገሩኝ። ረዳት «አንድ ሰው ብቻ» ሲል ሰምቶ እግሩ የቆመለት ከመካከላችሁ ማን አለ? የት እንደሚሄድ ሳንጠይቅ እንሮጥ የለም እንዴ? አብተው የእትዬ ብርቄን ነገር አልረሳም። ጭንቅላቱ ያውቃል። እግሩ ግን የሚያውቀው መናኸሪያ ነው። እግሩ ሄደ።

«ስንት ናችሁ?» አለ ረዳቱ።

«አንድ» አለ አፉ፤ እሱ ሳያዘው።

«ብስክሌቱ ከላይ ይጫናል። ግባ!» ብሎ ቲኬት ቆርጦ እጁ ላይ አኖረለት። ቲኬቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ያን ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ ጸጥ አለ። ማጉረምረሙ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ጠጋ ጠጋም አሉለት። ባዶዋ ወንበር ታየችው። አብተው ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ጸጥታ ይኸው መጣለት፤ አሁን ግን የፈለገው ወሬ ነበር። ያንን የጎረቤት ሠርግ፣ ከድንኳን ተከላው ጀምሮ። አትጠገብን ከእንግዲህ እንደማያያት ገባውና እንባው ወረደ። ቀኝ እግሩ ግን ወደ ደረጃው ተነሣ።

በዚህ መሃል ከታች የብስክሌት ደወል ተሰማ። ቅጭል ቅጭል። ከደወሉም ኋላ ወሬ።

«አንተ አብተው! አንተ ሰውዬ! ያለ መንፊያ ጉዞ የት አገር ነው ያየኸው? እትዬ ብርቄ በዚህ ሄደ ባይሉኝ የት ልፈልግህ ነበር? ወይ ትንፋሼ! ደግሞ ዳገቱ! ቆየኝ ብያለሁ፣ አብረን ነን!»

ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች አየ።

«ሁለት ናችሁ እንዴ?» አለ ቅር ብሎት። «ቀድመህ አትናገርም? ለሁለት ቦታ የለንም። ሹፌር፣ ሳበው!»

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ እንደወጣ ሁሉ በጉሙ ውስጥ ጠፋ። ከሩቅ «መስኮቱን ዝጉት አላልኩም!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም።

አትጠገብ ደርሳ ክንዱን ለቀም አድርጋ ወደ ኋላ ጎተተችው።

«አውቶቡሱን አየሽው?» አላት።

«የምን አውቶቡስ? አንድ እግርህን አንሥተህ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመህ ነው ያገኘሁህ!»

አብተው ወደ ታች አየ። ሊረግጠው ባለው ቦታ መንገድ አልነበረም።

ጎማውን ጠግነው፣ እሷ ባመጣችው መንፊያ ነፍተው፣ ጎን ለጎን ሆነው ቁልቁል ወረዱ። «ያንን ሠርግ እስቲ ንገሪኝ» አላት። በትዳራቸው እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ አትጠገብ ደንግጣ ዝም አለች። «ኧረ በፈጠረሽ አውሪ!» ብሎ ለመናት። አወራች። ቤታቸው ሲደርሱ ሙሽራዋ ገና ከእናቷ ቤት አልወጣችም ነበር።

ራሞንም ጓደኞቹን ይዞ መጣ። አብተው ከፊት፣ አትጠገብ ከኋላ ሆነው በዚያው መንገድ ወሰዷቸው። ከእንግዶቹ አንዱ ነጠል ካለ አትጠገብ ትጮህበታለች። አማርኛ ባይገባውም ይመለሳል።

ቲኬቱስ አትሉኝም? ቲኬቱ እጁ ላይ ቀርቶ ነበር። ምድጃ ውስጥ ጨመረው፤ ጠዋት ኪሱ ውስጥ አገኘው። ወንዝ ጣለው፤ ማታ ኪሱ ውስጥ አገኘው። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻውን መንገድ ወጥቶ አያውቅም። አርጅቶ አልጋው ላይ ነው የሞተው፤ አትጠገብ አጠገቡ ተቀምጣ እያወራችለት። ልብሱን ሲያነሡ ኪሱን ፈተሹ። ቲኬቱ የለም።

የት ሄደ? ወንበሯ እንደሆነች እስከ ዛሬ ባዶ ናት። ሰዎች እንደሚሉት ቲኬቱ ኪስ ይመርጣል። የሚመርጠውም «ነገ ብቻዬን እወጣለሁ» ያለ ሰው ኪስ ነው።

አንተ ባለ ቀይ ሄልሜቱ።

እስቲ የጃኬትህን ኪስ ዳብስ። ግራውን አይደለም። ቀኙን።

ምነው እጅህ ቆመ? ይቀዘቅዛል?

አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!

በሉ እናንተ ጠጋ በሉለት እንጂ፤ ልጁ ወደ ኋላ ዘሎ በሩን ሊሰብረው ነው። ና ወዲህ፤ መሃል ላይ የአንድ ሰው ቦታ አለች።