ሠላሳ ሁለቱም ሲጨፍኑ

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ 3ኛ "ለ" ክፍል እንደገና ተኛ። ልጆቹ አይደሉም የተኙት፤ ክፍሉ ነው። ሠላሳ ሁለቱም ክበበ ገጾች በአንድ ጊዜ ድርግም ብለው ጠፉ፤ ልክ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ በሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህ አምስተኛው ነው።

ነጂሃ የመሣሪያ ሣጥኗን አንጠልጥላ ስትገባ ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። ድሬዳዋ ጎዳናዎቿን በሙሉ ጣሪያ አልብሳም ሙቀቱ አርባ ሰባት ዲግሪ ነው። "አቦ፣ ይሄን ክፍል ደግሞ ምን ነካው?" አለች። አሥራ አራት ዓመት ክበበ ገጽ ስትጠግን ኖራለች። ክበበ ገጽ ዙሪያውን በስክሪን የተከበበ ወንበር ነው፤ በቢሮ ሠራተኛ፣ በትምህርት ቤት ተማሪ ይቀመጥበታል፤ በክፍል የልጁን ዓይን እየተከተለ፣ በገባው መጠን እየፈጠነና እየዘገየ፣ ለአንዱ ስለ ደመና ለሌላው ስለ ክፍልፋይ ያስተምራል። መምህር የሚባል ሰው ከክፍል ከወጣ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጆቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይማራሉ።

በጆሮ ማዳመጫዋ የአለቃዋ የሽመክት ድምፅ መጣ።

"ነጂሃ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ምክንያቱን ካላገኘሽ ክፍሉን ነቅለን ዝጉን ሞዴል እናስገባለን። መኪናው ተጭኖ ቆሟል።"

"እስኪ ረጋ በል፣ ገና መግባቴ ነው" አለችው። ድሬ ላይ አለቃም ቢሆን "አንተ" ነው።

ዝጉ ሞዴል በር አለው። ልጁ አንዴ ከገባ ትምህርቱ እስኪያልቅ ጎረቤቱን አያይም። ነጂሃ ለሙከራ ገብታበት አሥር ደቂቃ አልቻለችም፤ በሩን ገፍታ ነው የወጣችው።

ሽቦዎቹን ፈተሸች፤ ደህና ናቸው። የመብራት ማከፋፈያውን ከፈተች፤ ደህና ነው። በመጨረሻ የማሽኑን መዝገብ ስታነብ ሳቋ መጣ። ምንም አልተበላሸም። "የቀትር ዕረፍት" ይላል መዝገቡ። ድሮ ለአካባቢው ሙቀት ተብሎ የገባ ደንብ ነው፤ በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ለሁለት ደቂቃ ዓይኑን ከጨፈነ ማሽኑ "ተኝተዋል" ብሎ ለአርባ ደቂቃ ይጠፋል። ታዲያ ሠላሳ ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች በጠዋቱ እኩል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? የማይመስል ነገር!

ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ቧንቧው ጋ ተሰልፈዋል።

"ማነው የጀመረው?" አለቻቸው ወደ እነሱ ወጥታ።

አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ክንዷን አጣምራ ከፊቷ ቆመች። ኢፍቱ ትባላለች።

"እኔ ነኝ። አንድ ቀን በሙቀቱ ሁላችንም እንቅልፍ ወሰደን፤ እኔ ስነቃ ጠፍቶ አገኘሁት። ግን ለብቻ አይሆንም። አንድ ሰው እንኳ ካጮለቀ አይጠፋም።"

"ታዲያ እንዴት ተስማማችሁ?"

"እዚህ ውሃ ስንጠጣ። መጀመሪያ የሁሉንም ስም ጠየቅኩ። ሦስት ዓመት አብረን ተቀምጠን አላውቃቸውም ነበር እኮ! ዚያድ ደግሞ ጨለማ ይፈራል፤ ሁልጊዜ ዓይኑን ይገልጥ ነበር። አሁን ከጎኑ ያለችው እጁን ትይዘዋለች።"

"አርባ ደቂቃውን ምን ታደርጉበታላችሁ?"

"እንጣላለን!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

"ትናንት ጉንዳን ስንት እግር እንዳለው ተከራክረን ግቢ ወጥተን ቆጠርን" አለች ኢፍቱ። "ሲበራ ደግሞ እሱን ጠየቅነው። አንጠላውም፤ ብዙ ነገር ያውቃል። ግን መቼ እንደሚበራ ለምን እሱ ብቻ ይወስናል?"

ነጂሃ እውነቱን ብትናገር የሽመክት ቢሮ ደንቡን በአንድ ትዕዛዝ ይሰርዘዋል፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ቢጨፍኑ የሚሰማቸው የለም። "አላገኘሁም" ብትል ዝጉ ሞዴል ይገባል፤ ዚያድም እጁን የሚይዝለት ያጣል። ንድድ አላት። በቢሮውም፣ አፏን ዘግታ አሥራ አራት ዓመት በጠገነችው በራሷም ተናደደች።

ልጆቹን አስከትላ ክፍሉ ገባችና መሰርሰሪያዋን አወጣች።

በልጆቹ ቁመት ልክ ግድግዳውን በሳች፣ ከማከፋፈያው ሽቦ ሳበች፣ የሳሎን መብራት የሚጠፋበትን ዓይነት ተራ ማብሪያና ማጥፊያ ገጠመች። ኢፍቱ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛላት ነበር።

"በይ ሞክሪው" አለቻት።

ኢፍቱ ተጫነችው። ክፍሉ በሙሉ ጠፋ። ማንም ዓይኑን አልጨፈነም።

ሽመክት ወዲያው በማዳመጫዋ ጮኸ። "ምንድነው የነካሽው? ማን ፈቀደልሽ?"

"ሠላሳ ሁለት ሰው።"

"ሥራሽን ታጪያለሽ፣ ነጂሃ! ሰው ልኬ አስነቅለዋለሁ!"

"ላክ። ማብሪያው ሥር ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ።" ወለሉ ላይ ተቀመጠችም።

ጫጫታው ቀለጠ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ክርክር ተነሳ፤ ስለ ዓሣ ነባሪ ልብ ጀምረው ያልጨረሱት "ይብራ" አሉ፣ ጨዋታ የያዙት "አይበራም" አሉ። እጅ አውጥተው ተቆጠሩ። "ይብራ" ያሉት አሥራ ዘጠኝ ሆነው አሸነፉ። ኢፍቱ ከተሸናፊዎቹ ወገን ነበረች፤ ፊቷን አጨማዳ ሄዳ ራሷ አበራችው።

"በራ እኮ!" አለ ሽመክት። "ማን አበራው?"

"እነሱ።"

"ማንም ሳያስገድዳቸው?"

"ማንም። ስማ ሽመክት፣ ቢሮህ ያለው ክበበ ገጽ ከዚህኛው ጋር አንድ ነው፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሁላችሁም አብራችሁ ሁለት ደቂቃ ከጨፈናችሁ ይጠፋል። ደንቡ መመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። የከተማውን መዝገብ አሁን አየሁት፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም የአዋቂ ቢሮ አጥፍቶት አያውቅም።"

ሽመክት በሹክሹክታ ወንበሮችን ሲቆጥር በመስመሩ ተሰማ።

"ሃያ ሦስት ነን" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የሁለቱን ስም ብቻ ነው የማውቀው።"