ከሾላው ሥር የሰመጠው ደወል

እኔ እንዲህ ባለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ያገሬ ሰው ምስክሬ ነው፣ ሌላው በመሸ ቁጥር ከየቁጥቋጦው ጋኔን ሲታየው እኔ ጋኔኑን «ግባ፣ ራት ደርሷል» እያልሁ የምቀልድ ሰው ነበርሁ። በያዝሁት አምባዛ ዓሣ ትልቅነት እዋሽህ ይሆናል፣ በደወሉ ግን አልዋሽህም፣ እመነኝ።

መንደራችን ከአምበር ከተማ ወረድ ብሎ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ነው። ጣልያን በገባ ጊዜ ከኮረብታው ላይ ምሽግ ሠራብን፣ ደወል የሰማበትን መንደርም «አርበኛ ልትጠሩ ነው» እያለ ያቃጥል ጀመር፣ እርግጥ ፈጽሞ አልተሳሳተም፣ በእኛ ልማድ ያለ ጸሎት ሰዓት ደወል ከተደወለ ልጅህንና ከብትህን ይዘህ ወደ ገደሉ መሮጥ ነው። ቄሳችን መምሬ ፈንታ ደወሉ እንዳይወሰድ ብለው ከውስጥ የሚመታውን ብረት፣ ምላሱን፣ ነቅለው ከቤታቸው ወለል ሥር ቀበሩት፣ ደወሉን ደግሞ ለአራት ተሸክመን ከሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ዛፍ ሥር፣ ከጥልቁ ውኃ ውስጥ አሰመጥነው።

«ደወሉ እስኪወጣ ድረስ እዚህ ማንም መንጠቆ እንዳይጥል» አሉ መምሬ፣ ሲናገሩ የሚያዩት ግን እኔን ብቻ ነበር።

ቢያዩኝ አይፈረድባቸውም። ነሐሴ ሲገባደድ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ዝናቡ ደከም ሲል፣ ፀሐይቱ ከደመናው ሥር ሾልካ ሐይቁን የቀለጠ ቅቤ ስታስመስለው፣ ከፈረስ ጭራ የገመድሁትን ክር ጥዬ እቀመጣለሁ፣ እንቁራሪቱ ይንጫጫል፣ ከዚያ ክሩ ጣቴን ቀስ አድርጎ ሲነካኝ፣ ወዳጄ፣ ጣልያኑም ምሽጉም ከነባንዲራው ይጠፋኛል። ኃጢአቴ ይኸው ነው፣ በዚያ ዘመን ደስ ይለኝ ነበር።

«ወንድሞቼ ጫካ ናቸው፣ ያንተ ጦርነት ከአምባዛ ጋር ነው» ትለኛለች ባለቤቴ የሺ።

«ታዲያ ማን የሚያሸንፍ ይመስልሻል?»

አትስቅም። እኔም አፌ እንጂ ሆዴ አይስቅም ነበር።

በዚያ ክረምት ዓሣው ሁሉ ከየቦታው ጠፍቶ ከሾላው ሥር ተሰበሰበ፣ ደወሉ ለቅዳሴ የጠራው ይመስል። መጀመሪያ ከዛፉ ራቅ ብዬ ጣልሁ፣ ከዚያ ጥቂት ጠጋ አልሁ፣ በመጨረሻ ከራሱ ከሾላው ሥር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥሁ። አንድ አምባዛ ያዝሁ፣ ጺሙ ብቻ ስንት ደብተራ ያስቀናል፣ «አንድ ብቻ ልጨምር» አልሁ፣ ሰውን የሚያጠፋው ይች ቃል ናት።

እንቁራሪቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም አለ። ትንኙም። ከዚያ ክሩ ተሳበ፣ ዓሣ እንደሚስበው ግን አይደለም፣ ሳብ አድርጎ ይለቃል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይስባል፣ ልክ ዲያቆን የደወል ገመድ እንደሚስብ። እኔም፣ ልቤ ተሰውሮ፣ ሳብሁት።

መጀመሪያ የሰማሁት በጥርሴ ነው። ድው። ድንጋይ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ስል ደገመ፣ ድምፁ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፣ ከዳሩ ስንጥቅ ስላለበት መጨረሻው ላይ ይሰልላል። ምላሱ ከመምሬ ወለል ሥር ነው፣ ታዲያ በምን ይመታል? ምሽጉ እንዳይሰማ ብዬ ክሩን በቢላ ቆረጥሁት። መደወሉን አልተወም። የቆረጥሁት ክር ደግሞ በውኃው ላይ አልተንሳፈፈም፣ ሰው ከታች የሚጠቀልለው ይመስል ቀስ እያለ ገባ።

እየሮጥሁ መንደር ስደርስ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ሴቱ ልጁን አዝሎ፣ ወንዱ ከብቱን እየነዳ ወደ ገደሉ ይወርዳል።

«የት ነበርህ?» አለችኝ የሺ።

«ከብቱ ጠፍቶብኝ።»

«ከብቱማ ይኸው ከእኔ ጋር ነው» አለችና የዓሣ ሽታ የያዘውን እጄን አይታ ከብቱን መንዳቷን ቀጠለች።

ለዓይን ያዝ ሳያደርግ ወታደሮቹ ከኮረብታው ወረዱ። ከገደሉ ሆነን ጣራችን ሲነድ አየን፣ ሰው ግን አንድም አልሞተም፣ ሁሉ ወጥቶ ነበርና። የአማቴ ቤት ከነጎተራው አመድ ሆነ። መምሬ «ደወላችን አተረፈን» አሉ፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ ለምስጋና ዝክር ተዘከረ፣ እኔም ከሰው ጋር በላሁ። ስለሚመጡ ነው ደወሉ የጮኸው፣ ወይስ ደወሉን ሰምተው ነው የመጡት? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ እኔ ይኸን መለየት አቅቶኛል።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ደወሉን ጎትተን አወጣነው። ገልብጠን ጭቃውን ስናጥብ ምላሱ ይንጠለጠልበት ከነበረው ቀለበት ላይ የፈረስ ጭራ ክር ታስሮ ተገኘ፣ ከጫፉ መንጠቆዬ ተንጠልጥሏል። ቋጠሮው የእኔ አይደለም። የሽማግሌ እጅ ሁሉ ገላበጠው፣ እንዲህ ያለ ቋጠሮ አውቃለሁ ያለ ጠፋ።

መምሬ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ያንተ ይመስለኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«አባቴ፣ ማን ነው ያሰረው?»

«እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር።»

አሁን ምላሱ ተመልሶለት ማለዳ ማለዳ ይደወላል። ሰው ሁሉ ሲሰማ ያማትባል፣ የእኔ እጅ ግን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ አፍንጫዬ ነው። ከዚያች ማታ ወዲህ መንጠቆ ጥዬ አላውቅም፣ እጄ ግን አሁንም ዓሣ ይሸታል።