ከአረፋው በታች

አሻግሬ የሞተው በሐይቁ ዳር በሠራት በረንዳ ላይ፣ ከራሱ ወንበር ሥር ወድቆ ነው። ጀርባው እንደ ቀስት ደግኖ፣ ጥርሱ ገጥሞ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ የብረት ኩባያ፣ ክዳኑ የጠበቀ የማርማላታ ጠርሙስ፣ የኔስካፌ ጣሳና ስኳር ነበሩ። በኩባያው አፍ ላይ ነጣ ያለ ወፍራም አረፋ ገና አልወረደም።

የአምባሰል አውራጃ ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ዘይኑልአቢዲን ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ከበደ በር ላይ ተቀበለው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው። ወተት የምታመጣለትን ራህማን ይዘናታል።»

«ያለቀለት ከሆነ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ለፊርማ ነው» አለ ከበደ፣ ምንም ሳያፍር።

ዘመኑ እንዲያ ነበር። ቀይ ሽብር ካለፈ አምስት ዓመት ቢሆነውም ሰው መጀመሪያ ይታሰራል፣ ምክንያቱ ኋላ ይፈለግለታል። ራህማ በማግስቱ ጠዋት በመኪና ወደ ደሴ ልትላክ ነው። ደሴ የተላከ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ፣ መመለሱም ራሱ እንደሚያጠራጥር፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ለምን ትገድለዋለች?»

«የእሷንና የባሏን የሐይቅ ዳር መሬት የዓሣ አምራቾች ማኅበር ወሰደባቸው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ሟች ነበር። ስብሰባ ላይ ቆማ ‹አላህ ይፈርዳል› ብላዋለች፤ ሁላችንም ሰምተናል። መርዙን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።»

ዘይኑልአቢዲን ያውቀዋል። ባለፈው ወር የባዘኑ ውሾች መርዝ በሥጋ እየተሰጣቸው ሲሞቱ እንዲሁ ደግነው ነበር የቀሩት። ያን ሥጋ ከመንገድ አንሥቶ ማስቀመጥ ለማንም አይከብድም።

«ወተቱ የት አለ?»

«ደፋሁት። ድመት ብትልሰውስ?»

«ወተቱን ደፍተው ሲያበቁ፣ ወተቱ መርዝ ነበረው ብዬ እንድፈርም ነው?»

ከበደ አንገቱን አከከ። «አረፋውን አያዩትም? ወተት ካልሆነ ምን ይሆናል? የጤና ጣቢያው ጥሩሰውም የጤና ሰው ሆኖ ‹ወተቱ ነው› ብሎኛል።»

መቶ አለቃው ከሬሳው አጠገብ በርከክ ብሎ እጆቹን አየ። የቀኝ መዳፉ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ለሁለት ተቀዶ አንጓው ላይ በልክ ታስሯል። ከወንበሩ ሥር ደግሞ ደም የደረቀበት የሰማያዊ ጨርቅ ቁራጭ አገኘ። ቀጥሎ ማንኪያ አነሣና አረፋውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ከሥሩ ቀዳ። ጥቁር ነው። የወተት ጠብታ የነካው አይመስልም።

ዘይኑልአቢዲን ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀኑ ረቡዕ ነው። የእናቱ ወገኖች ክርስቲያኖች በመሆናቸው፣ እሱ ቤት የሁለቱም ሃይማኖት ጾም ይታወቃል።

የሟች እኅት ጸዳለ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ውጫሌ ሄዳ፣ ሰው ከሞላበት መኪና ወርዳ ቤቷ ስትገባ ነው ወንድሟን ያገኘችው። ድምጿ በለቅሶ ተዘግቷል።

«እትዬ ጸዳለ፣ እግዜር ያጥናዎት። ያን ቀዝቃዛ ቡና እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ፍራፔ ነው የሚለው። የግሪኮች መርከብ ላይ ሲሠራ የለመደው ነው። ከፒሬዎስ ወደብ ያመጣው ሀብቱ እሱ ብቻ ነው፣ የኔ ወንድም።» ፈገግ ልትል ሞከረችና አልሆነላትም። «ቡናውንና ስኳሩን ጠብታ ውሃ ጨምሮበት በጠርሙስ ይንጠዋል። ጎረቤት ቅቤ ሊያወጣ ነው እያለ ይሥቅበታል። አረፋው ሲነሣ ኩባያ ላይ ይገለብጠውና በረዶና ውሃ ይጨምርበታል። በረዶውን ከማኅበሩ የላምባ ፍሪጅ ነው የሚያመጣው።»

«ወተቱስ?»

«ወተት መጨረሻ ነው። የፈለገ ይጨምራል።»

«ከእሱ ሌላ መናጥ የሚችል ማን አለ?»

«ከእኔ ሌላ ጥሩሰው ብቻ። ከበደማ ተዘጋጅቶ ሲቀርብለት ጠጪ ነው። ወንድሜ ጠርሙሱን ሰው እንዲነካበት አይወድም ነበር፤ ጥሩሰውን ግን ራሱ አስተማረው። አንድ ነፍስ ነበሩ።»

«ሰሞኑን የሚጠብቀው ነገር ነበር?»

ጸዳለ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ታናሻችን አምሳሉ በቀይ ሽብር ጊዜ አምባሰል ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ሰው ጠቆመበትና ደሴ ወህኒ ቤት ሞተ። አሻግሬ ባሕር ላይ ነበር፤ ተመልሶ ሲመጣ የጠቆመውን ሳላውቅ አልሞትም አለ። ከአምሳሉ ጋር የታሰረ ሰው ቅዳሜ ይፈታል። የጠቋሚውን ስም ባፌ እነግርሃለሁ ብሎ ልኮበታል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። ለጥሩሰውም ሳይነግረው አይቀርም፤ ከሱ የሚሸሽገው የለውም።»

ጥሩሰው የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪና መርፌ ወጊ ነው። እጁ ቀላል ስለሆነ ሕፃናት እንኳ ሲወጋቸው አያለቅሱም፤ ሐይቅ ውስጥ የማይወደው ሰው የለም። መቶ አለቃው ሲያገኘው የጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ልቅሶው የውሸት አይደለም። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው?»

«ትናንት። ማክሰኞ ማታ ተለያየን። ዛሬ የሄድኩት ጩኸት ሰምቼ ነው።»

«በምን የሞተ ይመስልሃል?»

«በወተቱ ነዋ! አረፋውን አይተኸው የለ? በላዩ ላይ ተንሳፍፎ ያለው እኮ ወተቱ ነው።»

«ረቡዕም ወተት ይጠጣ ነበር?»

ጥሩሰው ዓይኑን ጠራረገ። «አሻግሬ ለፓርቲ አባልነት የታጨ ሰው ነው። ምን ጾም ያውቃል?»

ዘይኑልአቢዲን አመስግኖት ወጣ። ከቀበሌው አጥር ሥር የራህማ ባል ኑርዬ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ታንኳ ቀዛፊ ነው። የሽርጡ ጫፍ ተቀዷል።

«ወላሂ ጋሼ ዘይኑ፣ ራህማ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት! መሬቱ አናደዳት፣ እውነት ነው። ቢሆንም ወተቱን አንድ ቀን አላስቀረችበትም።»

«አብሽር፣ አይዞህ። ሽርጥህ ምን ሆነ?»

«ዛሬ ጠዋት ከአሻግሬ ጋር መረብ ስንስብ መንጠቆ መዳፉን ቀደደው። ከሽርጤ ቀድጄ አሰርኩለት። ‹ጤና ጣቢያ ሂድ› ብለው ‹ትንሽ ነገር ነው› ብሎ ቤቱ ገባ።»

መቶ አለቃው ሰማያዊውን ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ ከተቀደደው ጫፍ ጋር አስተያየው። ገጠመ።

«ኑርዬ፣ አሻግሬ ረቡዕና ዓርብ ወተት ይጠጣ ነበር?»

ኑርዬ አንገቱን ደፋ። «ቃል አለብኝ።»

«ሚስትህ ነገ ጠዋት ደሴ ትሄዳለች።»

ኑርዬ ወደ ቀበሌው በር አየ። «ያረብ ይቅር በለኝ። አሻግሬ ይጾም ነበር። ለወንድሙ የተሳለው ስለት ነው። በሰው ፊት ስለ ቄስ እየቀለደ፣ በማለዳ በታንኳዬ እስጢፋኖስ ገዳም አደርሰው ነበር። ጾሙ ቢታወቅ ከማኅበሩም ከፓርቲውም ይባረራል፤ ለዚህ ነው አስምሎኝ የነበረው። የጾም ቀን ራህማ የምታመጣውን ወተት ለድመት ይሰጠዋል።»

«ብቻውን ነበር የምታደርሰው?»

«አይ። ሁለት ሆነው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ከቀበሌው ደጅ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ፣ መቶ አለቃው ሁሉንም የአሻግሬ በረንዳ ላይ ሰበሰባቸው። ራህማ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ኑርዬን ብቻ ታያለች።

«ከመፈረሜ በፊት ፍራፔ ልሥራ» አለ ዘይኑልአቢዲን። ከበደ ሊሥቅ ፈልጎ ተወው። መቶ አለቃው ታጥቦ በመጣለት ጠርሙስ ውስጥ ቡናና ስኳር ጨመረ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረገበት፣ ከደነና ይንጠው ጀመር። ክንዱ እስኪዝል ናጠው። ኩባያ ላይ ሲገለብጠው ነጣ ያለ ወፍራም አረፋ ወረደ።

«ጓድ ከበደ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ወተ...» አለና አቋረጠው። «ወተት የት አለበት?»

«የለበትም። አረፋው ከቡናው ነው። እርስዎ ሲሠራ ስላላዩ ወተት መሰለዎት፤ በዚህ አልወቅስዎትም። ትናንት ከአረፋው ሥር በማንኪያ ቀድቼ አይቻለሁ። ጥቁር ነበር። አሻግሬ የራህማን ወተት አልቀመሰም።»

ራህማ ወደ ኑርዬ አንድ እርምጃ ተራመደች። ኑርዬ ሮጦ ያዛት፤ ጠባቂዎቹም አልከለከሉትም።

«ታዲያ ማን ሠራለት? ራሱ እንዳይባል ቀኝ መዳፉ ተቀድዷል፤ በአንድ እጅ ደግሞ ይህን መክደንም መናጥም አይቻልም። መናጥ የሚችሉት እትዬ ጸዳለና ጥሩሰው ናቸው። እትዬ ጸዳለ ውጫሌ ነበሩ፤ መኪና ሙሉ ሰው ምስክራቸው ነው።»

«ማንም ሰው ጠርሙስ መነቅነቅ ይችላል» አለ ጥሩሰው። ድምፁ እንደወትሮው ለስላሳ ነው።

«ልክ ነህ። ፋሻ ግን ማንም ሰው እንዲህ አያስርም። አሻግሬ ትናንት ጠዋት ወደ ቤቱ ሲገባ እጁ የታሰረው በኑርዬ ሽርጥ ነበር። ሲሞት የጤና ጣቢያ ፋሻ ነበረበት። አንተ ደግሞ ከማክሰኞ ወዲህ አላየሁትም ብለኸኛል።»

ጥሩሰው የገዛ እጆቹን አየ።

«ልትገድለው መጥተህ ቁስሉን ስታይ እጅህ ሳያክም ማለፍ አልቻለም። ልማድ ነው። ሽርጡን ፈታህ፣ አጠብክ፣ አሰርክለት። ከዚያ ‹አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልናጥልህ› አልከው። ቡናውና ስኳሩ የመርዙን ምሬት ደበቁልህ። ወተት አልጨመርክም፤ ብትጨምርበት አይጠጣውማ! ይህን የሚያውቀው ደግሞ አብሮት በታንኳ እስጢፋኖስ ይሄድ የነበረው ሰው ነው።»

ከበደ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኑርዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«ከሞተ በኋላ ኩባያው ላይ ወተት ብታፈስበት ራህማ ዛሬ ደሴ ነበረች። ትዝ አላለህም። ረቡዕ ቀን ወተት የሌለበትን ኩባያ ከሱ ጋር ስትጠጣ ስለኖርክ፣ የጎደለ ነገር መኖሩ አልታየህም። ይህን መናጥ የተማርክ ሰው፣ አረፋውን እያየህ ‹ወተቱ ነው› አልከኝ። ከበደ ባያውቅ ነው። አንተ ግን ታውቃለህ።»

«አንተ ነህ እኮ ያልከኝ!» ከበደ ጮኸ። «በአንተ ቃል ነው ሴትዮዋን ያሰርኳት!»

ጥሩሰው አልሰማውም። ዓይኑ ጸዳለ ላይ ነው።

«ቅዳሜ የሚፈታው ሰው የማንን ስም ሊናገር ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ጸዳለ...»

«የማንን ስም?»

«በቀይ ሽብር ጊዜ ካድሬዎቹ ስም አምጣ አሉኝ» አለ ጥሩሰው። «ካላመጣህ አንተ ነህ አሉኝ። አምሳሉ በጥይት ቆስሎ ነበር፤ ዋሻው ድረስ እየሄድኩ ቁስሉን የማክምለት እኔ ነበርኩ። ሌላ የማውቀው ስም አልነበረኝም።» እጆቹን ከኋላው ደበቀ። «አሻግሬ ሲመለስ እንደ ወንድም ያዘኝ። ጾሙን ስንጾም፣ ገዳም ስንሄድ፣ እኔ የምጸልየው ያ ሰው ከእስር እንዳይወጣ ነበር።»

«የሁለቱንም ቁስል አንተ ነህ ያሰርከው» አለች ጸዳለ። «ሁለቱንም በዚያው እጅህ ሸኘሃቸው።»

ለራህማ ተብሎ የመጣው መኪና ጥሩሰውን ይዞ ሄደ። ከበደ ራህማን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት መዝገብ የሚፈልግ መስሎ ወደ ቢሮው ገባ። እሷም ይቅርታውን አልጠበቀችም፤ ባሏን ይዛ ወደ ለቅሶ ቤቱ ገባች።

ጸዳለ ከወንድሟ ሬሳ አጠገብ ተንበርክካ ነጩን ፋሻ ፈታች። ፈትታም ወደ በሩ ወረወረችው። ከዚያ ለመቶ አለቃው እጇን ዘረጋች። ማስረጃ ነው ሊላት ይገባው ነበር። እሱ ግን ሰማያዊውን ቁራጭ አውጥቶ ሰጣት። የወንድሟን መዳፍ በእሱ አሰረች፤ አሻግሬም እጁ በኑርዬ ሽርጥ እንደታሰረ ተቀበረ።