በነጩ ወረቀት ላይ የታየው ጭረት

የፎቶ ቤቱ ካሜራ የጠፋው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት የክሊኒኩ ወለል ሳይወለወል ረፈደ፤ የምትወለውለው ሴት ፖሊስ ጣቢያ ነበረች።

ጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፎቶ ቤት ታጸዳለች። የፎቶ ቤቱ ቁልፍ በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይገኛል፤ በሽማግሌው ፎቶ አንሺና በእሷ። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ አልተነካም። ፖሊስ ከዚህ በላይ ማስረጃ ማፈላለግ አላስፈለገውም።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰብስቦ በአጭሩ ተናገረ።

«እስከ መጪው ሳምንት ሐሙስ እጠብቃታለሁ። ያን ዕለት ችሎት ቀርባ ክስ ከተመሠረተባት ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከኋላ ቆማ ሰማች። ሃያ ዓመት በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የኖረ ሰው ሳያይ መናገር ይከብደዋል። ሆኖም አንድ ነገር ታውቃለች። ይህቺ ሴት የወደቀች የእስክሪብቶ ክዳን እንኳ ስታገኝ፣ የማን እንደሆነች ክፍል ለክፍል ዞራ የምትጠይቅ ናት።

ሌላም ነገር ነበር። ባለሙያዋ ካሜራ ለመግዛት ካሰበች ሁለት ዓመት አልፏታል። በማይክሮስኮፕ የምታየውን እሷ ብቻ ታየዋለች፤ አንድ ቀን ሌላም ሰው የሚያየው ነገር፣ የሰው ፊት፣ ማንሳት ተመኘች። በአንድ ደብተር የካሜራዎችን ዓይነት እየጻፈች፣ እያወዳደረች፣ እየሰረዘች ከረመች። ጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች በደብተሩ ትስቅባት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ዘንድሮም ካሜራው ወረቀት ላይ ነው? አንቺ ስትመርጪ እኔ አርጅቼ አለቅሁ እኮ!»

«ቸኩሎ የገዛ ሲጸጸት ይኖራል፣ እትዬ።»

«የመጀመሪያውን ፎቶ እኔን ነው የምታነሺኝ። ቃል ገብተሻል። ጥርሴ ሳያልቅ!»

ቅዳሜ ባለሙያዋ ደብተሯን ይዛ ያገለገሉ ካሜራዎች ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄደች። ባለሱቁን የሰፈሩ ሰው «ዋስትና» ይለዋል፤ ዋስትና ሳይሰጥበት የሚሸጠው ነገር ስለሌለ።

«ይቺን ውሰጂ እህቴ። ሁለት ሌንስ፣ ቦርሳ፣ መቆሚያ፣ ሁሉም አብሮ። ሙሽራ ናት!»

«ስንት ፎቶ ተነስቶባታል?»

«ኧረ ምን ተነስቶባት! አንድ ሐኪም ነው የያዛት፤ ለልጁ ልደት ብቻ።»

«ቁጥሩን አሳየኝ።»

ባለሱቁ እያመነታ ካሜራዋን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። ባለሙያዋ ቁጥሩን አነበበች፤ ቀና ብላም አየችው።

«ይህ ልጅ በየቀኑ ነው እንዴ የሚወለደው?»

ዋስትና ሳቁ አመለጠው። ከመስታወቱ ጥግ ሌላ ካሜራ አወጣ። ጠርዞቹ በመዳፍ ብዛት ተልጠዋል፤ ሌንሱ ግን ጥርት ያለ፣ በጥንቃቄ የተያዘ ነበር።

«አንቺስ አዋቂ ነሽ። ይህ እዚህ ከገባ ሳምንት አልሞላውም። ባለቤቱ ለሚያውቅበት ሰው ስጥልኝ ብሎኛል።»

ደብተሯ ውስጥ ሁለቴ የተሰመረበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ካሜራው ያረጃል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ባለቤቱን ይቀብራል። ካሜራውን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

ሁሉም ነገር ጭጋግ ነበር።

አልደነገጠችም። ዓይን በሚጠጋበት መመልከቻ፣ በማያው ጎን፣ ትንሽ ጥርሳም መዘውር አለች፤ ማያውን ለተመልካቹ ዓይን የምታስተካክል። ማይክሮስኮፕም እንደዚያው ነው፤ ከባልደረባ በተረከቡት ቁጥር ለራስ ዓይን ይስተካከላል። መዘውሯ እስከ ዳር ተጠምዝዛ ቆማለች። ባለሙያዋ ትንሽ በትንሽ መለሰቻት፤ የሱቁ ምልክት ፊደላት አንድ በአንድ ጠሩ። ሌንሱም ራሱ እንዲያጠራ ሳይሆን በእጅ እንዲጠራ ተደርጎ ነበር የተተወው።

ከዚያ ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አወጣች።

«ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለ ዋስትና።

«እኛ ዘንድ የበሽተኛ ናሙና ከመታየቱ በፊት ባዶው ይታያል። ባዶው ላይ ጉድፍ ካለ ጉድፉ የመሣሪያው ነው።»

የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባ ወረቀቱን አነሳች። ምስሉን አጎላችው። ከላይ በግራ በኩል እንደ ቅንድብ ፀጉር የጎበጠች፣ ጫፏ የተሰነጠቀ ቀጭን ጭረት ታየች።

«አቧራ ናት፤ እፍ ብዬ...»

«በአፍህ እንዳትነፋ!»

ሌንሱን ነቅለው የካሜራውን ውስጥ በጎማ መንፊያ ነፉት። ደግማ አነሳች። ጭረቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ዋስትናው ይህንንም ይጨምራል?»

«ዋስትናው ከጭረቷ በስተቀር ነው» አለና ዋጋውን ቀነሰላት። ገዛችው።

ሰኞ ጠዋት ባለሙያዋ በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ስታልፍ ቆመች። ግድግዳው ላይ የሠራተኞቹ የቡድን ፎቶ ተሰቅሏል። ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ያነሱት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታየው ያለፈችው ፎቶ ነው። ሁሉም በክሊኒኩ ነጭ ግንብ ፊት ተሰልፈዋል። በግራ ዳር ጽዳት ሠራተኛዋ ወልዋያዋን እንደያዘች ትስቃለች። ከራሷ በላይ፣ በነጩ ግንብ ላይ፣ እንደ ቅንድብ ፀጉር የጎበጠች ቀጭን መስመር ነበረች።

የግንቡ ስንጥቅ ትመስላለች። ባለሙያዋ ወጥታ ግንቡን አየች። ግንቡ ስንጥቅ የለውም።

የገዛችው ካሜራ የተሰረቀው ካሜራ ነው።

ዝም ብትል ካሜራው ከእሷ ጋር ይቀራል። ብትናገር ደግሞ ካሜራውን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ባለሱቁ «የሸጠችልኝ አንዲት ሴት ናት» ካለ ጽዳት ሠራተኛዋን በገዛ እጇ አሳልፋ ሰጠቻት ማለት ነው። ጋዋኗን አወለቀች። የቡድኑን ፎቶና አጠገቡ የተሰቀለውን የኃላፊውን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ፣ ካሜራውንም ይዛ ወደ ጣቢያ ሄደች።

መርማሪው ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አገጩን አሻሸ።

«እህቴ፣ ጭረት የሌለው ካሜራ አለ?»

«አሻራ የሌለው ጣትስ አለ?»

መርማሪው ቀና አለ። ጭረቷን ከነጭ ወረቀቱ ምስል ጋር አስተያየ፤ ጉብጠቷም የተሰነጠቀ ጫፏም አንድ ነው። ወዲያው ግን የኃላፊውን ፎቶ ጠቆመ።

«ይኸኛው ላይስ? ከላይ አይደለችም። ከታች፣ ጋዋኑ ላይ ናት።»

ባለሙያዋ መልስ ሳትሰጥ ፎቶውን አግድም አዞረችው። ጭረቷ ከላይ በግራ በኩል መጣች።

«ያኔ ካሜራውን አቁመው ነው ያነሱት።»

መርማሪው ኮፍያውን አድርጎ ተነሳ።

ዋስትና ፖሊስ ሲያይ ላብ አጠመቀው።

«እኔ የሌባ ዕቃ አልነካም! ሰኞ፣ ልዘጋ ስል፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው ያመጡት። ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም፤ የሰጠኋቸውን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተው ወጡ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«ያለፈው።»

«ባለቤቱ ማክሰኞ ጠዋት ጉርድ ፎቶ አንስቼበታለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሰኞ ማታ እንዴት አንተ ዘንድ ያድራል?»

«ጌታዬ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቄ ዝግ ነው። እናቴ ዘንድ ነው የምውለው። ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቅ። ካሜራው በቆለፍኩት መስታወት ውስጥ ነበር።»

«ዋስትና ትሰጣለህ?»

ዋስትና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋስትና ለመስጠት አፉ ተያያዘ።

ውጭ ሲወጡ መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። «የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ቀን ቢያምታታ ምን ይደንቃል? ሴትዮዋ ሽማግሌ ዘመድ ልካ ይሆናል።»



«ከእኔ በፊት በዚህ ካሜራ ያየው ሰው ዓይኑ ታሟል» አለች ባለሙያዋ። ስለ መዘውሯ ነገረችው። «ማያው እስከ ዳር ተጠምዝዞ ነበር። ሌንሱም በእጅ ለማጥራት ነው የተተወው፤ የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ ደግሞ ሁልጊዜ በእጃቸው ነው የሚያጠሩት።»

መርማሪው ቆመ።

«ባለሱቁን ወስጄ ፊት ለፊት ላስጠቁም?»

«አይሆንም። በዚያ ዕድሜ ጣት አይቀሰርባቸው። ካሜራውን ብቻ ይስጧቸው።»

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው። ጥግ ላይ ጉርድ ፎቶ የሚነሳበት በርጩማ፣ ከኋላው ግራጫ መጋረጃ። ሽማግሌው የመጡትን ሰዎች በድምፃቸው ለዩ።

«ካሜራዎ ተገኝቷል፣ ጋሼ» አለ መርማሪው። «የእርስዎ መሆኑን አይተው ያረጋግጡልን።»

ሽማግሌው ካሜራውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጣቶቻቸው በተላጡት ጠርዞች ላይ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ወደ ዓይናቸው አነሱት። አውራ ጣታቸው ሳያስቡት ከማያው ጎን ሄደችና መዘውሯን ጠመዘዘች፤ ጠመዘዘች፤ እስከ ዳር።

ባለሙያዋ መርማሪውን አየችው። መርማሪው ጣቲቱን ያይ ነበር።

«አዎ» አሉ ሽማግሌው። «የእኔ ነው።»

«ሰኞ ማታ ለማን ሸጡት፣ ጋሼ?»

ካሜራው ቀስ ብሎ ጭናቸው ላይ ወረደ። 

«ሠርግ አንስቼ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት በእጄ ነው የማጠራው፤ ማሽን አጥርቶልኝ አያውቅም። እቤት ሄጄ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ሁሉም ደብዛዛ ነው። ሙሽራይቱ ደብዛዛ፣ እናቷ ደብዛዛ። መጀመሪያ የኮምፒውተሩ መስታወት መስሎኝ በመሃረብ ጠረግሁት።» መሃረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። «ማክሰኞ ማታ ሙሽሮቹ ፎቷቸውን ሊወስዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ዓይኔ ጠፋ ከምል ካሜራዬ ጠፋ ማለት ቀለለኝ።»

«ለምን ሸጡት? ገደል አይጥሉትም ነበር?»

«ልጥለው አቃተኝ። የሚያይበት ሰው እጅ ይግባ ብዬ ነው።»

«ሴትዮዋስ?» አለች ባለሙያዋ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ስሟን አልጠራሁም!»

«አልጠሩም» አለ መርማሪው። «ቁልፍ ያለው ማን ነው ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ዝም አሉ። እኔም ዝምታዎን እንደ መልስ ጻፍሁት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ማክሰኞ ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ተፈታች። ረቡዕ የክሊኒኩ ወለል በጊዜ ተወለወለ። ረፋዱ ላይ መርማሪው ጽዳት ሠራተኛዋ ወደምትወለውልበት ላቦራቶሪ ደጃፍ መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሌላም ጉዳይ አለ። ሽማግሌው በሐሰት አቤቱታ ነገ ችሎት ይቀርባሉ። ልመስክር ካልሽ መብትሽ ነው። ይቅር ብዬአለሁ ካልሽም ይጻፋል። ካሜራውን በተመለከተ...» ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «ባለቤቱ ራሳቸው የሸጡት ስለሆነ የአንቺ ነው።»

ጽዳት ሠራተኛዋ ወልዋያዋን ከግድግዳው አስደገፈች። ስድስት ሌሊት በሲሚንቶ ላይ የተኛችበትን ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ሰኞ ዕለት ፎቶው የወረደበትን ባዶ ግድግዳ አየች፤ ካሜራውን ይዛ የቆመችውንም ባለሙያ።

«አንቺ ልጅ፣ ቃልሽስ? ጥርሴ እኮ አሁንም አለ።»

ባለሙያዋ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሳች። መዘውሯ ሽማግሌው በተዉዋት ቦታ ነበረች፤ ሁሉም ጭጋግ ነው። ቀስ ብላ መለሰቻት። የጽዳት ሠራተኛዋ ፊት ጠራ፤ መጀመሪያ ዓይኖቿ፣ ከዚያ በዙሪያቸው ያሉት መስመሮች። አነሳቻት።

«እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ መርማሪው።

ጽዳት ሠራተኛዋ ወልዋያዋን መልሳ አነሳች።

«ነገ ችሎት ቀርቤ እመሰክርባቸዋለሁ» አለች። «ዓርብ ዓይን ሐኪም ዘንድ የምወስዳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።»