ካምቢዮዬን ነው የወደድከው?

ጋሽ መርጋ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት እጃቸውን ይጠርጋሉ። ጠረጋው በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይከብዳል። ካንዴላ ለመቀየር መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ አንዴ አሸት አድርገው ይተዉታል፤ ፍሪሲዮን ከሆነ ጣት በጣት ይሄዳሉ። ያን ሰኞ ጠዋት፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ጋራዣቸው፣ የጦቢያን ነጭ ዲኤክስ መኪና ኮፋኖ ከፍተው ካዩ በኋላ እስከ ክርናቸው ድረስ ጠረጉ።

ጦቢያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«ሞተሩ ነክሷል» አሉ። «ከእንግዲህ አይዞርም።»

«ስንት ይፈጃል ጋሼ?»

«ያገለገለ ሞተር ብናገኝ መቶ ሰማንያ ሺህ። የእጅ አለ። ዘይት አለ። ጓርኒሲዮን ምናምን ሲባል… በቃ፣ ሁለት መቶ አስር በይው ልጄ።»

ጦቢያ ያላት አምስት ሺህ ብር ነበር። የመኪናዋ ሙቀት መለኪያ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ለማሠራት አራት ሺህ ብር ሲሏት «ዘረፋ ነው» ብላ ትታው ነበር። አራት ሺህ ብሯን በሚገባ ቆጥባለች።

መኪናዋን የተዉላት አባቷ ናቸው። አባት ካረፉ፣ ካዛንቺስ ተከራይተውት የኖሩበት ቤትም ከፈረሰ በኋላ፣ እሷና እናቷ ወይዘሮ መድኃኒት ጎተራ ኮንዶሚኒየም አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ። የክፍሏን ኪራይ የምትከፍለው ዲኤክሷ ናት፤ ጦቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው እየጫነች። እሑድ ወሩ ያልቃል። አከራዩ ደግሞ ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ እንደማይታገሥ ተናግሯል። ወይዘሮ መድኃኒት ደብረ ብርሃን ላለችው እህታቸው ደውለው «ክፍል ጥረጊልን» ብለዋል። አዲስ አበባ ለመኖር የቀራቸው ስድስት ቀን ነበር።

ጦቢያ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። መኪናውን ጋራዥ ጥሎ የሚሄድ ሰው ሲመለስ መኪናውን በቦታው ሊያገኘው ይችላል፤ በውስጡ የነበረውን ግን እንጃ። ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ ፈቃድ ከሌለው ታሞ፣ ዕቃው እንዳይለወጥበት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጋሽ መርጋም ለጠባቂዎች የሚሆን ከሚኒባስ የተነቀለ የኋላ ወንበር ግድግዳ ሥር አስቀምጠዋል። አይከፋቸውም። እሳቸውም መኪናቸውን ሌላ ጋራዥ ቢያስገቡ ይጠብቃሉ።

ወንበሩ ላይ አንድ ረጅም ወጣት ቀድሟት ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ ሌላ ነጭ ዲኤክስ ቆሟል፤ ከሷ መኪና ጋር መንታ ናቸው።

ወጣቱ ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ አልነቀለም።

«ይቅርታ፣ የኔን መኪና ነው የምታየው?»

«የኔን ነው።»

«የኔ ላይ ነው ያፈጠጥከው።»

«አንቺም የኔ ላይ ነው ያፈጠጥሽው። ማለቴ፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

«ታርጋ ማንበብ አትችልም?»

«ታርጋውን ማን ይወስደዋል? የምፈራው ለሌላው ነው።»

የሁለቱም ፍርሃት አንድ ነበር። ሞዴላቸው አንድ ነው፤ ከአንዱ የተፈታ ብሎን ለሌላው ልክ ይሆናል። ስለዚህ እሷ ከሱ፣ እሱ ከሷ እየጠበቁ፣ በአንድ ወንበር ላይ በመካከላቸው ቦርሳዋን አስቀምጠው ሰኞን ዋሉ።

ስሙ ፍሬአብ ይባላል። የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እሱም ተዘጋ። ያለው መኪናው ብቻ ነው፤ ካምቢዮው ደግሞ ተሰባብሯል። «ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ከዚያ በቃ» አለ። ዘጠና አምስት ሺህ ብር ተጠይቋል። ያለው ሃያ ነው።

«እና ምን እየጠበቅክ ነው?»

«ብር።»

«ከየት የሚመጣ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠብቀው።»

ጦቢያ ላለመሳቅ ፊቷን አዞረች። አልተሳካላትም።

ማክሰኞ ምሳ ጋበዛት፤ አንድ በያይነቱ ለሁለት። ቀይ ሥሩን እንደማትወድ አይቶ ሳይናገር ወደ ራሱ በኩል ጎተተው። ረቡዕ ዝናብ ሲያጥለቀልቅ ሮጠው የሷ መኪና ውስጥ ገቡ። መስኮቱ ጉም ለበሰ። ጣሪያው እየተደበደበ ስለነበር ለመሰማማት መቀራረብ ነበረባቸው፤ ዝናቡ አባርቶም ማንም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሐሙስ ቦርሳዋን መካከላቸው ማስቀመጥ ረሳች። ጋሽ መርጋ ይህን ከሞተር ሥር ተኝተው አዩና መፍቻቸውን ጥለው «እህ! እህ!» አሉ።

በዚያው ሐሙስ እናቷ ደወሉ። «ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቅልያለሁ። አልጋውን ይዘን እንሂድ ወይስ እንሽጠው?»

«እማ፣ ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ማታ እንነጋገራለን» አለች ጦቢያ። ስልኩን ስትዘጋ ፍሬአብ ያያት ነበር። የኪራዩንም፣ የጎተራውን አራተኛ ፎቅ ክፍልም፣ የደብረ ብርሃኑንም ነገር ነገረችው። ደብረ ብርሃን ሩቅ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ በሚኒባስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ሥራ የሌለው ሰው ለሚኒባስ ስንት ጊዜ ይከፍላል? እስከ ሰኞ ድረስ ያላወቀችውን ሰው እንዳታጣ መፍራቷ ራሷንም አናደዳት።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ መርጋ ሁለቱንም ጠሯቸው።

«እንደ አባት ልናገር። ያንቺ ሞተር ሞቷል፤ ሻንሲሽን ዝገት በልቶታል፣ ለምርመራ ብትቀርብ አታልፍም። ካምቢዮሽ ግን አምና የተቀየረ ነው፤ አንደኛ ነው። ያንተ ደግሞ ሞተሩም አካሉም ደህና ነው፤ የጎደለው ካምቢዮ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንድ መኪና ይወጣል። ሰኞ ስትጠይቀኝ ያልኩህ ነው።»

ፍሬአብ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰኞ?» አለች ጦቢያ።

ጋሽ መርጋ የሆነ የጠፋ መፍቻ ትዝ አላቸውና ወደ ውስጥ ገቡ።

«ሰኞ ጠየቅካቸው። ማክሰኞ ምሳ ጋበዝከኝ።»

«ጦቢያ…»

«ረቡዕ መኪናዬ ውስጥ ገባህ። ካምቢዮዬን ነው የወደድከው?»

«ሰኞ፣ አዎ» አለ። «ሰኞ ስምሽን እንኳ አላውቅም ነበር። በሃያ ሺህ ትሸጥልኝ እንደሆነ ነው የጠየቅኩት። ከማክሰኞ በኋላ ግን አፌ ተያዘ። ካምቢዮውን ስጪኝ ብልሽ መውደዴን አታምኚኝም። እወድሻለሁ ብልሽ ደግሞ ካምቢዮ ፈልጎ ነው ትያለሽ።»

«እልሃለሁ!»

«ይኸው እያልሽኝ ነው።»

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከቡልጋሪያ እስከ ጎተራ በእግሯ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስልኳ ጮኸ፤ መንገዱን ሙሉ አላነሳችም። ሰዉ ሁሉ መኪና ውስጥ ያለ መሰላት። የመኪናው ሁሉ ካምቢዮ ይሠራል።

ቤት ስትደርስ ግድግዳው ባዶ ነበር። እናቷ መጋረጃውን እንኳ አውርደውታል። ባዶውን መስኮት ስታይ ስልኩ ደግሞ ጮኸ፤ አነሳችው።

ፍሬአብ ሰላም ሳይላት፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ «ካምቢዮሽን ለኔ መኪና እናስገባው። ቀሪውን አካል ለዕቃ እንሽጠው፤ የጋሽ መርጋን የእጅ ይከፍላል፣ የዚህን ወር ኪራያችሁንም ይሸፍናል። የምትነሳዋ መኪና የጋራችን ትሁን። አንቺ እስከ ምሳ፣ እኔ ከምሳ በኋላ። ሊብሬው ላይ በባለቤትነት የናትሽን ስም አስገባለሁ። ግን ስም ማዛወር ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ… የኔ ቃል ብቻ ነው ያለው።»

ስልኩን ዘግታ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻቸው። የሰኞዋን ጥያቄም አልደበቀችም።

«ውል አለ?» አሉ ወይዘሮ መድኃኒት።

«የለም።»

«ዋስ የሚሆን ሰው አለ?»

«የለም።»

«የአባትሽን መኪና አርደሽ የምትሰጪው ታዲያ ምን ይዘሽ ነው?»

«ሰውየውን።»

እናት ገመድ እያጠበቁበት የነበረውን ካርቶን ለቀቁት። «መኪናው ያንቺም ነው» አሉ። «ከተበላን ግን ደብረ ብርሃን ድረስ ነው የምንቆዝመው።»

ቅዳሜ በጠዋት ቁልፉን ለፍሬአብ ሰጠችው። እጁ መዳፏ ላይ አንድ አፍታ ቆየ።

«ስላመንኩህ አይደለም» አለች። «ሌላ ምርጫ ስለሌለኝ ነው።»

«እኔም የለኝም» አለ። «ምርጫ ቢኖረኝም ግን አንቺ ነሽ።»

ካምቢዮው ሲፈታ አላየችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የፍሬአብ መኪና ተነሳ። የጋራዡ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

«እስከ ኦሎምፒያ ሞክሬው ልምጣ፤ አሥር ደቂቃ» ብሎ ወጣ።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ስልኩን ሞከረች፤ ዝግ ነው። ደግማ ሞከረች፤ የምትናገረዋ ሴትዮ ራሷ ያዘነችላት መሰላት። ጋሽ መርጋ ሻይ አመጡላት፤ ዓይኗን ሳያዩ አስቀምጠው ሄዱ።

ቀሪዋን አካል የገዛው የዕቃ ነጋዴ የጭነት መኪና መጣ። «እህቴ፣ ልጫናት?» አለ ሹፌሩ። ነጋዴው ብሩን ለጋሽ መርጋ ቆጥሮ ሰጥቷል፤ ጦቢያ አትጫንም ማለት አትችልም። የአባቷን ዲኤክስ በሰንሰለት ጎትተው ሰቀሏት፤ የፊት መብራቶቿ ወደ ጦቢያ ዞረው ወጡ።

ፍሬአብ ከሄደ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነው። ኪራይ የምትከፍልላቸው መኪና ሄደች። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ሰውየውም ሄዱ። ለእናቷ ምን ብላ እንደምትደውል ቃል ስትፈልግ «ሄደ» ከሚለው ሌላ አጣች። አለቅስ እንደሆነ ብላ ጠበቀች፤ እንባውም አልመጣም።

በሩ ላይ ክላክስ ጮኸ።

ነጩ ዲኤክስ ቀስ ብሎ ገባ። መሪው ላይ ፍሬአብ። ከጎኑ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጭናቸው ላይ አንድ የተጣጠፈ ደብተር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወይዘሮ መድኃኒት።

ጦቢያ ከወንበሯ ተነሳች። መስኮቱን እናት አወረዱት።

«ይኼ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በር ደበደበ። ሊብሬውን እጄ ላይ አስቀምጦ ‹ስሙ እስኪዛወር እርስዎ ጋ ይሁን› አለኝ። እኔ ደግሞ ወረቀት አቅፌ ቤት አልቀመጥም፤ ነጂውን ልየው አልኩ።»

«ስልክህስ?» አለች ጦቢያ። የወጣላት ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

«ሞተብኝ። ባትሪው። መንገዱ ደግሞ ተዘጋግቶ…»

«ምን የማይሞትብህ ነገር አለ?» አሉ ወይዘሮ መድኃኒት።

«እማ፣ ደብረ ብርሃንስ?»

«ደውያለሁ። ክፍሉን አከራዪው ብያታለሁ።» ሊብሬውን ጡታቸው ሥር ሸጎጡት። «ምን ትገተሪያለሽ? ከኋላ ግቢ።»

ጦቢያ ከኋላ ገባች። በመስታወቱ ውስጥ የፍሬአብ ዓይን አገኛት፤ ፈራ ተባ እያለ ይጠይቃታል። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችለት። ያን ጊዜ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ እምቢ ያለው እንባ የመጣው። እናት ወደ ኋላ ሳይዞሩ በትከሻቸው ላይ ሶፍት አቀበሏት።

ፍሬአብ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ነቅነቅ ብላ ተንቀሳቀሰች።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉ ወይዘሮ መድኃኒት። «ሰው ነው የጫንከው።»