አድሚራሉ መርከብ ያስቀረቀሩበት ቀን

«ይቺን አውጫት» አለች እናቷ፣ እስክሪብቶዋን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አሳርፋ። «ሰው አባዬን ሊያከብር ተሰብስቦ፣ አንቺ መርከብ አስቀረቀረ ብለሽ ልታነቢ ነው? ጤና የለሽም እንዴ?»

ልጅቷ ወረቀቱን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ነገ ጠዋት የትምህርት ቤታቸው አዲስ ቤተ መጻሕፍት በአያቷ ስም ይሰየማል፤ የሕይወት ታሪካቸውን የምታነበው ደግሞ እሷ ናት። አያቷ አድሚራል ነበሩ፤ ያውም እንዲህ ዝም ብሎ አድሚራል አይደለም። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የመርከብ ወለል ጠራጊ ሆነው ተቀጥረው፣ ባሕር ኃይሉን በሙሉ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። በጦርነቱ ጊዜ የጠላት መርከቦች ወደቡን ሲከብቡ፣ ዱቄትና መድኃኒት የጫኑ አራት መርከቦችን በጭጋግ ውስጥ እየመሩ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አንድ መርከበኛ እንኳ አልሞተባቸውም። ከተማው ከረሃብ የተረፈው በእሳቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጀብዱ እያለ፣ ሰውየው አንዲት አንቀጽ ካልገባች ብለው ድርቅ አሉ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መርከብ አሸዋ ላይ ያስቀረቀሩባትን።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ክፍላቸው ገባች። አያቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የነገውን ጫማቸውን ይቦርሻሉ። ጫማቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም።

«አባባ፣ እማዬ ትውጣ እያለች ነው። እውነቷን እኮ ነው፤ ልጆቹ ሙድ ይይዙብዎታል።»

«ይያዙ።»

«እኔ ግን አልችልም» አለች። በእሳቸው ሲሳቅ ከምትሰማ ጭራሽ ባታነብ ይሻላታል።

አያቷ ብሩሹን አስቀመጡ። «የመርከቡ መሪ ያዥ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። ‹ጌታዬ፣ ከመርከቡ ሥር ያለው ውኃ እያነሰ ነው› አለኝ። እኔ ምን አልኩት? ‹አፍህን ዝጋና ንዳ!› ማዕረጌ ገና አዲስ ነበር፤ ሰማይ የነካሁ መስሎኝ። ወዲያው ገጭ፤ አሸዋው ላይ ቀረን።»

«ከዚያስ?»

«መርማሪዎቹ ጥፋቱን እሱ ላይ ሊለጥፉት ነበር። ለእኔ ሰርግና ምላሽ ነው። ግን አድሬበት አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ፈረምኩ፤ ማዕረጌን ገፈፉኝ፤ እንደገና ከታች ጀመርኩ።» ፈገግ አሉ። «በዚያ የጭጋግ ቀን መርከቤን ማን የነዳ ይመስልሻል? እሱ ነው። እኔማ የራሴን እጅ እንኳ አላይም ነበር። ‹አንተ ምን ትላለህ?› እያልኩ እጠይቃለሁ፤ እሱ ባለን እንሄዳለን። እኔን እንደፈለግሽ አሳጥሪኝ፣ የኔ ልጅ። የእሱ ስም ያለው ግን እዚያች አንቀጽ ላይ ብቻ ነው።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እናቷ አንቀጿን አውጥታ በኮምፒውተር ያስጻፈችውን አዲስ ወረቀት መድረኩ ሥር አቀበለቻት። አያቷ የሰፋቸውን የደንብ ልብስ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

ልጅቷ የእናቷን ወረቀት ከሥር አደረገችው። የራሷንም ከመጀመሪያው አልጀመረችም።

«አያቴ በሃያ ስድስት ዓመታቸው መርከብ አስቀርቅረዋል» አለች።

ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ፈነዳ። ፊቷ ጋለ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና የመሪ ያዡን ስም ቀስ ብላ፣ ከነአባቱ አነበበች።