የአንድ ልጅ ሞገድ

ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ለልጆች ቆብ አጠልቃለሁ» ትላለች። ሰው ሲስቅ ነው የምታብራራው። ቆቡ ሽቦ አለው፤ ልጁ በጆሮ ማዳመጫ «ባ፣ ባ፣ ባ፣ ዳ» ሲባል ይሰማል፤ አንጎሉ «ዳ»ን ለይቶ ይደንግጥ አይደንግጥ ኮምፒውተሩ ላይ በሞገድ ይታያል። ንግግር የሚቸግራቸው ልጆች ጆሯቸው ደህና ሆኖ ሳለ ይህ ድንጋጤ ብዙ ጊዜ ደከም ይላል።

አንድ አናጢ ንግግር የሚቸግራትን ሴት ልጁን ይዞ የመጣ ዕለት ልጅቷ ቆቡን ስታይ ጭንቅላቷን ይዛ አለቀሰች።

«መጀመሪያ ለእኔ ያጥልቁልኝ» አላት። «ፍርሃቱን የወረሰችው ከእኔ ነው።»

አጠለቀችለት። ፀጉሩ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት እጇ የት እንዳለ ጠፋት። ልጅቷ አባቷን አይታ ሳቀች።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ለምርመራ ሲመላለሱ ሳይጠየቅ የምርመራ ክፍሉን ወንበር ጠገነ፤ አንቱታውም ቀረ፤ ከሥራ መልስ ሦስቱ አብረው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው መሄድ ለመዱ።

«ቤት ብትመጪ ምን ይመስልሻል?» አላት አንድ ቀን።

«ለጥየቃ?»

«ለጥየቃማ ማንም ይመጣል።»

የልጅቷን እጅ ያዘች። እሺ ማለቷ እንደሆነ ገባው።

የምርመራ ክፍሉ ደንብ ግልጽ ነው፦ የአንድ ልጅ ሞገድ ለወላጅ አይነገርም። ልጁ ካዛጋ ወይም ጥርሱን ከነከሰ ሞገዱ ይዘላል፤ የሚታመነው የብዙ ልጆች ተደምሮ ሲታይ ነው። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው ራሷ ነበረች። ነገር ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ሞገድ «ዳ» ላይ ከፍ አለ። አናጢው አጠገቧ ቆሞ ፊት ፊቷን ያያል። ወደ እሱ ዞረች።

«ለየችው» አለችው።

ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እሷም ደስታውን እያየች አንድ ሞገድ እንደማይታመን አልነገረችውም።

ምን ቆርጧት ነበር ያን ያለችው? አናጢው በቃሏ ተማምኖ ልጁን ከትምህርት ቤቷ ልዩ ክፍል አውጥቶ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አስገባት፤ የንግግር መምህርቷንም አሰናበተ። ቆብ አጥላቂዋን በኋላ ሊያስደስታት ብሎ ይህን ሁሉ ደበቃት። አዲሱ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ልጅቷ አፏን በከፈተች ቁጥር ሳቁባት። ቀስ በቀስ መክፈቱን ተወችው።

አናጢው ወደ ምርመራ ክፍሉ ብቻውን መጣ። ያደረገውን ሁሉ ሳይቀመጥ ነገራት።

«አሁን ውሃ እንኳ አትለኝም» አለ። «በጣቷ ታሳየኛለች።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አንድ ሞገድ ምንም አይደለም፣ አውቅ ነበር። ደስ እንዲልህ ፈልጌ ነው። ወደ ልዩ ክፍሏ መልሳት፤ እኔም አለሁ፣ አብረን...»

«መልሻታለሁ።» ኮፍያውን እጁ ላይ አዟዟረ። «አልጠላሁሽም። ብጠላሽ ይቀለኝ ነበር። ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር ደግሞ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከእንግዲህ አቅም የለኝም።»

ልትይዘው እጇን ዘርግታ መለሰችው። ቢያንስ አንድ ነገር መጠየቅ ፈለገች።

«ልጅቷ ስለ እኔ ብትጠይቅህ ምን ትላታለህ?»

አናጢው በሩ ላይ ቆመ።

«እሷ አፏን ከፍታ ትጠይቀኝ እንጂ» አለ። «የሆነ ነገር እላታለሁ።»